ሰው ምን ይላል፦ ስለ አየርላንድ ኑሮ፣ ስለ ይሉኝታና ስለ ነፃነት ዘፈን እንዴት ይጻፋል

ስለ አየርላንድ ኑሮ የመጀመሪያ ዘፈኔን ስጽፍ ነፃነት የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ ነበር ያስገባሁት፣ ሰንሰለት የሚለውን ደሞ ሶስቴ። ዜማው ደህና ነበር፣ ግጥሙም ቤት ይመታል፣ ግን አብራኝ የምትሰራ አይሪሽ የጎልዌይ ልጅ ትርጉሙን ነግሬያት ከሰማችው በኋላ "ቆንጆ ነው" ብላ ዝም ስትል ያኔ ገባኝ፣ ዘፈኑ ስለነሱ አልነበረም፣ ስለየትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። አየርላንድ ውስጥ ሰውን ሰብስቦ የሚይዘው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እናትሽ ደህና ነች ወይ ብሎ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ከዛ መሀል ላይ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ይሄዳል፣ ያቺ ቃል አርባ አመት ሰው ሆድ ውስጥ ትቀመጣለች።

እኛ ደሞ ለዚህ ነገር ስም አለን፣ ይሉኝታ። አይሪሾቹ አንድ ቃል የላቸውም፣ "ጎረቤት ምን ይላል" ነው የሚሉት። ስለዚህ በአማርኛ አስቦ ስለዚህ ጉዳይ ለሚጽፍ ሰው ግማሹ መንገድ ተሄዷል ባይ ነኝ። ጭቆናን ልጻፍ ብላችሁ አትነሱ፣ ይሉኝታን ጻፉ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚችው ነው የሚነሳው። (አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኳቸው።)

መጀመሪያ ጆሮ ነው

ጊታር ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ ስሙ። ባስ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ፐብ ውስጥ፣ ስራ ቦታ፣ ሰው ሰውን ባለበት የሚያስቀምጥበትን አነጋገር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እኔ ካጠራቀምኳቸው ውስጥ ሶስት ቃላት አሉ ዘፈን ሙሉ የሚሸከሙ።

አንዱ "ኖሽንስ" ነው። ከሰው በላይ ልሁን ባይ እንደማለት ነው፣ እኛ ተቀናጣች ወይ ራሷን ቆለለች እንደምንለው፣ ግን ለትንሽ ነገርም ይባላል። ደብሊን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ለገና ቤቱ ሲመለስ ቡናውን ያለ ወተት ከጠጣ ኖሽንስ አለው ይባላል፣ እየሳቁ ነው የሚሉት፣ ልጁም ይስቃል፣ ግን በሚቀጥለው ገና ወተት ይጨምራል። እዚህ ጋ ዘፈን አለ በቃ፣ ወተቱ ላይ። ሁለተኛው "ግራንድ" ነው፣ እንዴት ነሽ ሲባል የሚመለስ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ባሏ ትናንት ጥሏት የሄደ ሴትም ግራንድ ነች፣ ኬሞ ላይ ያለ ሰውዬም ግራንድ ነው። ሶስተኛው "ሾው" ነው፣ ሰው ፊት ጮክ ያለ ወይ ያለቀሰ ወይ የጨፈረ ልጅ እናቱ ክንዱን ይዛ ሾው አታድርገን ትለዋለች፣ አታዋርደን፣ አታስወራብን እንደማለት። ልብ በሉ፣ አታድርግ አይደለም፣ አታድርገን ነው፣ ብዙ ቁጥር። አንድ ሰው ሲያጠፋ የሚያፍረው ቤተሰቡ በሙሉ ነው፣ እና ይሄ ለኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሌላው ጆሮ መስጠት ያለባችሁ ሙገሳው ነው። ክሌር ካውንቲ ውስጥ አንድ ለቅሶ ሄጄ ነበር፣ የአንድ የጎረቤታችን እናት ሞታ፣ ሬሳው ሳሎን ተቀምጧል፣ ሰው ተሰልፎ እየገባ የቤተሰቡን እጅ ይጨብጣል፣ "ሶሪ ፎር ዩር ትራብል" ይላል፣ ኩሽና ውስጥ በሶስት ማእዘን የተቆረጠ ሳንድዊች እና ሻይ አለ። ግማሽ ሰአት እንኳን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ሰው አንድ አይነት ነገር ሲል ሰማሁ፣ "አንድ ቀን ስታማርር ሰምተናት አናውቅም።" በፍቅር ነው ያሉት፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፣ ምክንያቱም ሰው ሲሞት የሚመሰገንበት ነገር በህይወት ያለው ምን እንዲሆን እንደሚጠበቅበት ይነግራችኋል። ከስድብ ይልቅ ሙገሳ ነው ጠንካራ ግጥም የሚሆነው፣ አድማጩ መጀመሪያ አሜን ብሎ ይቀበለዋል፣ ሁለተኛው ቨርስ ላይ ነው የሚቆጠቁጠው።

ባይ ዘ ዌይ የአይሪሽ ቋንቋውንም ትንሽ ንኩት፣ ባትናገሩትም። በአይሪሽ ሰው አፈርኩ አይልም፣ "ታ ናሬ ኦረም" ነው የሚለው፣ ቃል በቃል ሀፍረት እላዬ ላይ አለ ማለት ነው። ሀዘንም እንደዛው እላዬ ላይ አለ ይባላል። ሀፍረት እንደ ካፖርት የሚለበስ ነገር ከሆነ ሊወልቅም ይችላል አይደል፣ ማን አለበሰኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል፣ በቁመቴ ነው ወይ የተሰፋው፣ ከናቴ ነው ወይ የወረስኩት። ከዚች አንድ አባባል ሶስት ቨርስ ይወጣል። ሌላ የሚገርመኝ ነገር አይሪሽ አዎ እና አይደለም የሚሉ ቃላት የሉትም፣ መጣህ ወይ ስትሉት መጣሁ ወይ አልመጣሁም ብሎ ግሱን ነው የሚደግመው። ጥያቄና መልስ ያለው ዘፈን ስትሰሩ ይህን ተጠቀሙበት፣ ፀጥ ያለ እምቢታ ሲፈለግ "አልመጣም" ከ"አይ" በላይ ይከብዳል።

አንድ ሰው፣ አንድ ህግ፣ አንድ አመት

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለ ህብረተሰቡ ተብሎ ይጀመራል ከዛ ዘፈኑ ንግግር ይሆናል። አየርላንድ ደግነቷ ይሉኝታዋ ብዙ ጊዜ በህግ የተጻፈ ነበር፣ ቀን አለው፣ ስለዚህ ፈልጋችሁ አንዱን ያዙ። ለምሳሌ እስከ 1973 ድረስ የመንግስት መስሪያ ቤት የምትሰራ ሴት ስታገባ ስራዋን መልቀቅ ነበረባት። ፍቺ በ1995 ሪፈረንደም ነው የተፈቀደው፣ ያውም ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ልዩነቱ 9,000 ድምፅ ገደማ ነበር፣ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም 82,000 ሰው ይይዛል፣ እና የዛ አንድ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ህዝብ ነው የአገሩን ትዳር የወሰነው ማለት ነው። ወንድ ከወንድ ጋር መሆን ወንጀልነቱ የቀረው በ1993 ነው። የቅርብ ከፈለጋችሁ ደሞ እስከ 2018 ድረስ ቦታ የሞላበት የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት የተጠመቀ ልጅ ማስቀደም ይችል ነበር፣ ከአስሩ ት/ቤት ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ደሞ የካቶሊክ ነው፣ ስለዚህ ቤተክርስቲያን የማይሄዱ ወላጆች ልጃቸውን ለት/ቤት ቦታ ሲሉ ያስጠምቁ ነበር። ነጭ ቀሚስ፣ ፎቶ፣ ኬክ፣ አያት ታለቅሳለች በደስታ፣ እናትና አባት አይን ለአይን አይተያዩም። ይሄን ማንም ጽፎት አልሰማሁም፣ የፈለገ ይውሰደው።

ህጉን ከያዛችሁ በኋላ እቃ ፈልጉ፣ በእጅ የሚያዝ። እኔ የመረጥኩት የ1973ቱን ነው፣ እና እቃዬ ቀለበት ሆነ። አንዲት የቢሮ ፀሀፊ በድብቅ ታገባለች፣ ስራዋን እንዳታጣ ቀለበቷን ደብቃ ትገባለች። የመጀመሪያው ረቂቅ "ህልሜን ነጠቁኝ መብቴን ረገጡ" ምናምን ይል ነበር። ከዛ ቀዳድጄው እንዲህ ሆነ፦

ቀለበቴን ቋጥሬ ከመሀረቤ ዳር፣
እንደ ልጃገረድ ልሰራና ልኖር።
ጣቴ ባዶ ሆኖ ኪሴ ግን ከባድ ነው፣
ታይፕራይተሬም ያውቃል፣ የሚጠይቅ ማነው።

መብት የሚል ቃል የለበትም፣ ህግ የሚልም የለበትም፣ ግን ህጉን ማታውቁም ብትሆኑ አንድ ነገር እንደሚያስፈራት ይገባችኋል፣ የሚያውቅ አይሪሽ ደሞ መሀረብ ሲባል ገና ገብቶታል። መመዘኛዬ ይሄ ነው፣ ስንኙን አንብባችሁ ካሜራ ቢኖር ምን ያነሳል በሉ፣ የሚያነሳው ነገር ከሌለ ስንኙን ቀይሩት።

መንደሩን ሰይጣን አታድርጉት

ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ቦይኮት የሚለው ቃል እኛም የምንጠቀመው ከአየርላንድ የመጣ ነው፣ የሰው ስም ነው። በ1880 ሜዮ ካውንቲ ውስጥ ካፒቴን ቦይኮት የሚባል የባለርስት ወኪል ነበር፣ ጭሰኞቹ ኪራይ ይቀነስልን ብለው እምቢ ሲላቸው ማንም ሳይነካው ዝም አሉት፣ ሰብሉን የሚሰበስብለት ጠፋ፣ ሱቅ አይሸጥለትም፣ ሰው አያናግረውም። ከሰሜን 50 የሚሆኑ ሰራተኞች በወታደር ታጅበው መጥተው ነው ሰብሉ የተነሳው፣ በመጨረሻም ሰውየው አገር ጥሎ ሄደ። ድሆች ያለ ጥይት ያሸነፉበት ታሪክ ነው፣ እኔ ሳነበው ኩራት ነው የተሰማኝ።

አሁን በ1957 ዌክስፎርድ ካውንቲ ወዳለችው ፌዛርድ ኦን ሲ ወደምትባል ትንሽ መንደር ኑ። አንዲት ፕሮቴስታንት እናት ካቶሊክ አግብታ ልጆቿን ወደ ካቶሊክ ት/ቤት አልሰድም ብላ ይዛቸው ጠፋች፣ እና ካቶሊኮቹ የመንደሩን ፕሮቴስታንት ባለሱቆች በሙሉ ቦይኮት አደረጉ፣ ምንም ያላደረጉትን። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደ ቫሌራ ራሱ ፓርላማ ቆሞ አወገዘው። መሳሪያው ያው ነው እኮ፣ ያው ዝምታ፣ ያው መተባበር፣ ባለርስቱን ያሸነፈው እጅ ነው ጎረቤቱን ያነቀው። ዘፈናችሁ ይህን ካላወቀ ውሸት ይሆናል። ያ ለቅሶ ላይ ተሰልፎ እጅ የሚጨብጥ ህዝብ እና መስኮት ላይ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ማን ከማን ጋር ገባ የሚል ህዝብ አንድ ናቸው፣ ሳንድዊቹን የሰራችው ሴትዮ ናት ወሬውንም የጀመረችው። ገፀ ባህሪያችሁ የሚጨንቃት መንደሩን ስለምትወደው ነው፣ ባትወደው ኖሮ ትሄድ ነበር።

በሙዚቃ በኩል ከዚህ የሚገኝ ትልቅ ትምህርት አለ፣ ዝምታን ተጠቀሙ። ሁለተኛው ቨርስ ላይ ማንም እንደማያናግራት ለማሳየት ቃል አትጨምሩ፣ ባንዱን አንድ በአንድ አውጡት፣ መጀመሪያ ፊድሉ ይቁም፣ ቀጥሎ ቤዙ፣ ቀጥሎ ጊታሩ፣ ድምጿ ብቻዋን እስክትቀር።

አዝማቹ

አዝማች ማለት የመንደሩ ድምፅ ነው። ቨርሱ የሷ ይሁን፣ አዝማቹ ደሞ የነሱ፣ እና ቃሉ ሳይቀየር የሚለው ሰው ይቀያየር። የኔ አዝማች "ሰው ምን ይላል" ነው። መጀመሪያ እናቷ ትለዋለች በፍርሀት፣ ቀጥሎ አለቃዋ ይለዋል ፈገግ ብሎ፣ ሶስተኛ ላይ ባሏ ራሱ ይለዋል፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያመው። አራተኛው ላይ እሷ ራሷ ስትለው አንድ ነገር ትቀይራለች፣ "ሰው ምን ይላል" የነበረው "ሰው ምን ይበል" ይሆናል። ጥያቄው ፍርሀት ነበረ፣ አሁን ፍቃድ ሆነ፣ ያለውን ይበል፣ ይበላ። አማርኛ ይሄን በሁለት ፊደል ይሰራዋል፣ በእንግሊዘኛ ልሰራው ሞክሬ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኝ አልመጣም። የራሳችሁን አዝማች ስትመርጡም እንደዚህ የሚታጠፍ ግስ ፈልጉ፣ ከአትበይ ወደ አትበሉኝ፣ ከይዩሽ ወደ ይዩኝ። ነፃነቱ በቃ እዛ መታጠፊያ ላይ ይሁን፣ ሌላ ቦታ አትጥሩት።

ሰምና ወርቅ እነሱም ጋ አለ

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አይሪሾቹ አሽሊንግ የሚባል የግጥም አይነት ነበራቸው፣ ገጣሚው በህልሙ ቆንጆ ሴት ያያል፣ ታለቅሳለች፣ ባሏ ርቋል፣ ያ ሴት አየርላንድ ናት፣ ባሏ ደሞ ተሰዶ ያለው ንጉስ ነው። የፍቅር ዘፈን መስሎ ፖለቲካ። እንግዲህ ይህን ለኛ ማን ያስተምረናል፣ ሰምና ወርቅ ነው። ስለዚህ ይህን ባህል ወደ ይሉኝታው አምጡት።

እኔ የሞከርኩት ስለ ማግዳሊን ላውንደሪዎቹ ነው። እነዚህ መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ፣ ከጋብቻ ውጪ ያረገዘች፣ ወይ ድሀ የሆነች፣ ወይ አስቸጋሪ ነች የተባለች ሴት እዛ ትገባና ያለ ደሞዝ የሆቴል የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። ከ1922 ጀምሮ ብቻ ወደ 10,000 የሚሆኑ ሴቶች አልፈውበታል፣ የመጨረሻው ደብሊን ሾን ማክደርሞት ስትሪት ላይ የነበረው በ1996 ነው የተዘጋው፣ መንግስት ይቅርታ የጠየቀው ደሞ በ2013። ብዙዎቹ ሲገቡ ስማቸው ተቀይሮ ሌላ ስም ይሰጣቸው ነበር። ይቺን የስም ነገር ሳነብ አማርኛው ራሱ መጣልኝ፦

ያገሩ አንሶላ እድፉ ሁሉ ወጣ፣
ለኔም ስም ወጣልኝ እኔ መቼ ልውጣ።

እድፍ ይወጣል፣ ስም ይወጣል፣ ሰው ይወጣል፣ አንድ ግስ ነው። ሰሙ ልብስ ማጠብ ነው፣ ወርቁን አድማጭ ይፈልገው። እና ልብ ካላችሁ ይሄ የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ መሀሉ ላይ ይሰበራል፣ ጂግ የሚባለው የአየርላንድ ጭፈራ ደሞ ሪትሙ 6/8 ነው። አንድ ሀረግ አንድ ባር ላይ ቁጭ ይላል፣ ምንም መጎተት አያስፈልግም፣ ስዘፍነው ነው ያወቅኩት። ችክችካም 6/8 ስለሆነ እጃችሁ ወደዛ ይሳባል፣ ግን አታጨብጭቡበት፣ ጂጉን ቀስ አድርጉት፣ እንደሚያርፍ ትንፋሽ።

ዜማው ላይ ብዙ አልቆይም

የአየርላንድ ዜማ ብዙው ሞዳል ነው፣ ዶሪያን እና ሚክሶሊዲያን የሚባሉት የቆዩ ስኬሎች ይበዛሉ፣ ስለዚህ ኮርድ አታብዙ፣ ኤ ማይነርና ጂ እየተመላለሱ ሶስት ደቂቃ ይይዙላችኋል። ጊታር የምትጫወቱ ዳድጋድ ቲዩኒንግን (ገመዶቹ D-A-D-G-A-D ሆነው የሚቃኙበትን) ሞክሩ፣ ማጆርም ማይነርም ሳይሆን ተንጠልጥሎ የሚቀር ድምፅ አለው፣ ለማይነገር ነገር ይሆናል። የድሮ ዜማ ወስዳችሁ በራሳችሁ ግጥም መዝፈንም እዚያ ያለ የተለመደ ነው፣ ደራሲው የማይታወቅ የቆየ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፣ ደብሊን ሜሪየን ስኩዌር ላይ የባህላዊ ሙዚቃ አርካይቭ አለ፣ ገብታችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ።

አንድ ሪትም ግን ልስጣችሁ፣ አንጀለስ የሚባለው ደወል። በየቀኑ ምሽት 12 ሰአት ላይ የመንግስቱ ቴሌቪዥን ከዜናው በፊት ይደውለዋል፣ ሶስት፣ ሶስት፣ ሶስት፣ ከዛ ዘጠኝ፣ ባጠቃላይ 18። እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ አለ። ዘፈናችሁን በሶስት ሶስት ሶስት ምት ጀምራችሁ ዘጠኙን ብትከለክሉት ምንም ሳትናገሩ ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ ዘጠኙን መጨረሻ ላይ ስጡት ወይም ጨርሶ አትስጡት፣ እሱ የናንተ ውሳኔ ነው።

ሌላው ሻን ኖስ ነው፣ የቆየው አዘፋፈን፣ መሳሪያ የለው፣ አንድ ሰው ብቻውን አይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፣ አንዳንዴ አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ይዞ ቀስ እያለ ያዞርለታል፣ እንዳይወድቅ እንደመደገፍ። ብዙ ጊዜ ደሞ የመጨረሻውን መስመር ወይ የመጨረሻውን ቃል ዜማውን ትቶ እንደ ወሬ ይናገረውና ያልቃል። በአይሪሽ ዝፈን ሲባል ራሱ "ዘፈን በል" ነው የሚባለው፣ ዘፈን ይባላል እንጂ አይዘፈንም። ለይሉኝታ ዘፈን ከዚህ የተሻለ አጨራረስ አላውቅም።

ያለ መሳሪያ መዝፈን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት አይሪሿን ዘፋኝ ሺኔድ ኦኮነርን አስቡ። ጥቅምት 3 ቀን 1992 አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ስርጭት ብቻዋን ቆማ የዘፈነችው የቦብ ማርሊ ዘፈን ነበር፣ ቃሉ ደሞ አፄ ኃይለሥላሴ በ1963 ተባበሩት መንግስታት ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። አስቡት፣ የንጉሱ ቃል፣ የጃማይካዊ ዜማ፣ የደብሊን ልጅ። ጥቂት ቃል ቀይራ ስለ ህፃናት ጥቃት አደረገችውና መጨረሻ ላይ የሮማውን ጳጳስ ፎቶ ቀደደች፣ ፎቶው የእናቷ ግድግዳ ላይ የነበረ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ መድረክ ላይ ወጥታ ህዝቡ ጮኸባት። በአየርላንድ የቤተክርስቲያን ተቋማት ህፃናት ላይ የደረሰውን በዝርዝር ያወጣው የራያን ሪፖርት የታተመው በ2009 ነው፣ እሷ ካለችው ከ17 አመት በኋላ። ለግጥም ጸሀፊ ትምህርቱ ምንድነው፣ ፎቶው የራሷ መሆኑ። ከእናቷ ቤት የወጣ እቃ ነው፣ ከሱቅ የተገዛ ፖስተር አልነበረም። እናንተም ዘፈናችሁ ውስጥ የሚቀደድ ነገር ካለ ከራሳችሁ ግድግዳ አውርዱት።

ነፃነት ሲመጣ

የአየርላንድ ዘፈን ላይ ነፃነት ማለት መርከብ ነው፣ መሄድ፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ። ሰው ሲሄድ ከመሄዱ በፊት ባለው ሌሊት ልክ እንደሞተ ለቅሶ ይቀመጡለት ነበር፣ የአሜሪካ ለቅሶ ይሉታል። እውነት ነው፣ ግን ተዘፍኗል፣ በጣም ተዘፍኗል። እኔን የበለጠ የነካኝ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በ2015 በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሪፈረንደም እና በ2018 በፅንስ ማቋረጥ ሪፈረንደም ጊዜ ውጪ ያሉ አይሪሾች ከሎንዶን ከአውስትራሊያ እየበረሩ ለድምፅ ብቻ መጡ፣ ምክንያቱም ለወጣ ሰው በፖስታ መምረጥ የለም። መጀመሪያው 62 በመቶ፣ ሁለተኛው 66 በመቶ እሺ ተባለ። የደብሊን ኤርፖርት መውጫ በር ላይ የቆመ ልጅ፣ ሻንጣው ትንሽ ነው፣ ለሁለት ቀን ነው የመጣው፣ አባቱ ሊቀበለው መጥቷል፣ አባቱ ምን እንደሚመርጥ አያውቅም፣ መኪና ውስጥ ስለ ኳስ ያወራሉ። ይሄ ነው ነፃነት ዘፈን ውስጥ ሲገባ፣ መኪና ውስጥ ስለ ኳስ እያወሩ።

ሳቅም ይፈቀዳል። ግንቦት 22 ቀን 1971 የወሊድ መቆጣጠሪያ ደብሊን ላይ ክልክል ስለነበር ሴቶች ተሰብስበው ባቡር ተሳፍረው በእንግሊዝ ስር ወዳለችው ቤልፋስት ሄደው ገዝተው ተመለሱ። ፒል ያለ ሀኪም ወረቀት አይሸጥም ሲባሉ አስፕሪን ገዝተው ጉምሩኩ ፊት ፒል ነው ብለው ዋጡት፣ ጉምሩኩም ማየት ስላፈረ አሳለፋቸው። ይሉኝታ ራሱ ለአንድ ቀን በነሱ በኩል ቆመ ማለት ነው። ባቡር ሪትም አለው፣ ሪል በሚባለው ፈጣን የጭፈራ ምት በ4/4 ስሩት፣ ይዘፈናል።

የሰው ቁስል

አንድ ነገር ላይ ቆም በሉ። ቱዋም የምትባል ከተማ ውስጥ ከ1925 እስከ 1961 በነበረው፣ ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች በሚገቡበት የእናቶችና የህፃናት ቤት የሞቱ 796 ህፃናት ስም ዝርዝር አለ፣ ካትሪን ኮርለስ የምትባል ያካባቢው ሰው ናት የሞት መዝገቡን እየፈለገች አንድ በአንድ የሰበሰበችው። ቁጥሩን ዘፈን ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ የአንድን ልጅ ስም መርጦ አዝማች ላይ መደጋገም ግን አይሆንም፣ ቤተሰቦቻቸው በህይወት አሉ። ስለ ተጎጂ ከሆነ የምትጽፉት ገፀ ባህሪውን ፍጠሩ፣ የራሷ መንደር፣ የራሷ ጫማ ይኑራት። ስለሚቆጥረው ሰው መጻፍም ይቻላል፣ ወረቀት ላይ ጎንበስ ያለች ሴት፣ ሻይዋ የቀዘቀዘ፣ መንደሩ ለምን ትቆሰቁሺዋለሽ እያላት። እሱም የይሉኝታ ዘፈን ነው፣ ያውም ትልቁ።

ዲሞ ቀድታችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ደሞ ነገሩን ለኖረ ሰው አሰሙት። እኔ የቀለበቱን ዘፈን በ1970 አካባቢ አግብታ መስሪያ ቤቷን ለለቀቀች አንዲት ትልቅ ሴት፣ ኩሽናዋ ውስጥ በስልኬ አሰማኋትና መስመር በመስመር ተረጎምኩላት። ስለ መሀረቡ ምንም አላለችም፣ ስለ አዝማቹ ሳቅ አለች። ከዛ "ታይፕራይተሬ አትበይ" አለችኝ፣ "የኔ አልነበረም። እዛ ቤት ውስጥ የኔ የነበረው ኩባያዬ ብቻ ነው።" የመጨረሻ ቀን ምን ይዘሽ ወጣሽ አልኳት፣ እሱኑ አለች፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ባስ ላይ ጭኗ ላይ አድርጋ።

እቤት ስመለስ "ታይፕራይተሬም ያውቃል" የሚለውን "ታይፕራይተሩም ያውቃል" አደረግኩት፣ ሬ ወደ ሩ፣ ዜማው አልተነካም። መጨረሻው ላይ ደሞ ከአራተኛው አዝማች በኋላ ጊታሩን አቁሜ የነበረውን ረጅም ማሳረጊያ በሙሉ አጠፋሁት፣ አሁን እዛ ጋ ያለው አንድ መስመር ነው፣ አይዘፈንም፣ ይነገራል፦

ኩባያዬን ይዤ ወጣሁ።